ዱርን ከዱርዬ ጋር አታምታቱብን
(የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። «ዱር» ስለሚለው ቃል ነው። ከየት እንደመጣ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ እንዴት ስድብ እንደወለደ ያብራራል። ርዕሱን ሳየው ደስ አለኝ። ስለ አንዲት ቃል ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው በየቀኑ አይገኝም። አንብቤ ስጨርስ ግን ከፋኝ። ዝም ልል አስቤ ነበር፣ ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ላላነበባችሁት፣ ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። «ዱርዬ» የመጣው ጣሊያንኛ ውስጥ «ጠንካራ» ማለት ከሆነው «ዱሮ» ነው፤ በወረራው ዘመን ገብቶ ቀረ። ዱር፣ ጫካና ደን አንድ ነገር ናቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ዱር ማለት ሕግም ባለቤትም የሌለው ቦታ ማለት ነው፤ ስድቡም የተወለደው ከዚያ ነው። አባቶቻችን ዱርን የሰይጣን ቤት አድርገው ይፈሩት ስለነበር ግዕዝ ለዱር የሚሆን በጎ ቃል የለውም። በመጨረሻም አማርኛ ስለ ዱር ነገር የሚናገርበት ቃል ስላጣ «ዋይልድ» የሚለውን እንዳለ እንውሰድ ይላሉ።

በአንዱ እስማማለሁ። «ዱርዬ» የከተማ ቃል ነው ብለዋል፤ እውነት ነው። ገጠር ውስጥ ሰው ሲሰደብ ብዙ የምትሰሙት ሌላ ሌላ ቃል ነው። ዱርዬ የሰፈር፣ የመንደር፣ የአስፋልት ዳር ቃል ነው። የቀረውን ግን አንድ በአንድ ልሂድበት።

ከጣሊያንኛው ልጀምር።

ሁለት ቃላት ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመዳሞች አይሆኑም። ጣሊያንኛ ለአማርኛ ብዙ ቃል ሰጥቷል፤ ይህን ማንም አይክድም። ማኪና፣ ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ሲሚንቶ፣ ጣውላ፣ ፎርኖ፣ ፓስታ፣ ካልሲ፣ ቦርሳ። ፒያሳና መርካቶም አሉ። እነዚህን ቃላት ቆጥራችሁ ተመልከቷቸው። ከሞላ ጎደል ሁሉም የዕቃ፣ የምግብ ወይም የቦታ ስም ናቸው። ዕቃው መጣ፣ ስሙም አብሮት መጣ። ጋራዥ፣ ግንባታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ገቡ። የሰው ጠባይ የሚሰደብበት ቃል ግን ዕቃ አይደለም፤ ተጭኖ አይመጣም። ሕዝብ ጎረቤቱን የሚሰድብበት ቃል የራሱ ሞልቶታል።

ደግሞ የቃሉን ጭራ እንይ። «ዱሮ» ቢገባ ኖሮ እንደ ሲሚንቶ፣ እንደ ፎርኖ «ዱሮ» ሆኖ ነበር የሚቀረው። መጨረሻው ላይ ያለችው «ዬ» ከየት መጣች? ጣሊያንኛ ውስጥ የለችም። እኛ ዘንድ ግን ሞልታለች። የጎንደር ሰው ጎንደሬ፣ የመንዝ ሰው መንዜ፣ የጎጃም ሰው ጎጃሜ፣ የወሎ ሰው ወሎዬ። የከተማ ሰው ከተሜ፣ የገጠር ሰው ገጠሬ። ሰውን በመጣበት ቦታ መጥራት የአማርኛ የቆየ ልማድ ነው። ዱርዬንም እኔ የማነበው በዚሁ መንገድ ነው። የዱር ሰው። ዱር የሚውል፣ ዱር የሚያድር።

ትርጉሙም ቢሆን ከጣሊያንኛው ጋር አይገጥምም። ጠንካራ ሰው በአማርኛ ዱርዬ አይባልም። ጠንካራውን «ኃይለኛ» እንለዋለን፣ እልኸኛውን «ደረቅ» እንለዋለን፣ በጡንቻው የሚመካውን «ጉልቤ» እንለዋለን። ዱርዬ ሌላ ነው። ቤት የማይዘው፣ ውሎው የማይታወቅ፣ እናቱ ማታ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው ልጅ ነው። ከሲታ ሊሆን ይችላል፣ ድንጉጥ ሊሆን ይችላል፣ ዱርዬነቱን አይቀንሰውም። ቃሉ የሚለካው ከቤት ምን ያህል እንደራቀ ነው። ስለዚህ ሥሩ ዱር መሆኑ ከትርጉሙም ይነበባል።

ልጅ ሆኜ ኮክ ዛፍ ላይ ወጥቼ፣ ሱሪዬን ቀድጄ፣ ጉልበቴ ደምቶ ስገባ አክስቴ «አንተ ዱርዬ!» ትለኝ ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው። ከዚያ ውኃ አምጥታ ጉልበቴን ታጥበኛለች። በዚያ ቃል ውስጥ ስድብ አልነበረም። «ከቤት ርቀህ ነበር፣ ተመለስክ» የሚል ነገር ነበረው። ቃሉ እየከረረ የመጣው በኋላ፣ ከተማው ሲሰፋና ሥራ ያጣ ወጣት በየመንገዱ ሲበዛ ነው። መንግሥት እንኳን ሕግ ሲያወጣ ይህን ቃል አልመረጠም። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 384 የተናገረው ስለ «አደገኛ ቦዘኔነት» ነው። ቦዘኔ ከመቦዘን የመጣ ነው፤ ሥራ ከመፍታት። ዱርዬ ግን ከቦታ ነው የመጣው። ሁለቱን ቃላት አንድ ሰው ላይ እየለጠፍን ስለኖርን አንድ መሰሉን እንጂ አነሳሳቸው የተለያየ ነው።

ወደ ሁለተኛው። ዱር፣ ጫካ፣ ደን አንድ ናቸው የሚለው።

አይደሉም። ማንም እረኛ ይለያቸዋል። ደን ዛፍ ነው። ብዙ ዛፍ አንድ ላይ ሲቆም ደን ነው፤ ሰው የተከለውም ቢሆን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ገብቶ አዲስ አበባን ሲከባት ደን ሆነ። ዱር ግን አልሆነም። ደን ይተከላል፤ «ዱር ተከልኩ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም። ጫካ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው፣ የተወሳሰበው፣ እጅህን ዘርግተህ መንገድ የምትከፍትበት ነው። ቁጥቋጦም ሊሆን ይችላል። አይንን የሚጋርድ ነገር ሁሉ ጫካ ለመሆን ይቀርባል።

ዱር ዛፍ አይፈልግም። ባሌ ተራራ ላይ ሰነቲ የሚባለውን አምባ አስቡት። ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እስከ አድማስ ድረስ ብታዩ ትልቅ ዛፍ የለም። ሣር፣ ድንጋይ፣ ውርጭና ፍልፈል ነው ያለው፤ ፍልፈሉን የሚያድነው ቀይ ቀበሮም አለ። ይህን ቦታ ደን የሚለው የለም፣ ጫካም አይባልም፣ ግን ከዚያ በላይ ምን ዱር አለ? ስሜንም እንደዚያው ነው። ዋልያ የሚኖረው ገደል ላይ ነው። አማርኛ «ዱር ገደል» ብሎ ሁለቱን ያጣመረው ያለምክንያት አይደለም። ዱር የሚባለው ያልታረሰው፣ ቤት ያልተሠራበት፣ አጥር ያልዞረው መሬት ነው። ዛፍ ኖረው አልኖረው የራሱ ጉዳይ ነው።

ይህ ልዩነት ለቃላት አፍቃሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ዱርን ደን ካልነው ዛፍ የሌለበትን ዱር ሁሉ «ባዶ መሬት» ማለት እንጀምራለን። ባዶ ያልነውን ደግሞ እናርሰዋለን። የሰነቲ ቀበሮ ዛፍ አይፈልግም፤ ፍልፈሉ የሚኖርበትን ሜዳ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነው በጣም የተከፋሁት። «ዱር ሕግና ባለቤት የሌለው ቦታ ነው» ይላሉ ጸሐፊው።

እስቲ ወደ መንዝ እንሂድ። ሰሜን ሸዋ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጓሳ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሆናል፣ ክፉ ዘመን ሲመጣም ለከብት ይደርሳል። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ ይኖራሉ። እንግዲህ ይህ ቦታ ዱር ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም ቤት አይሠራበትም። ግን ሕግ አልነበረውም? ነበረው እንጂ! ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበረው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታትን ያስቆጠረ። መሬቱን መጀመሪያ ካቀኑት አባቶች የሚወለዱ ሰዎች ናቸው ባለመብቶቹ። ከመካከላቸው አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሣር ማጨድ ክልክል፣ ከብት ማስገባት ክልክል። ሣሩ ሲደርስ በጋራ ይከፈታል፣ በጋራ ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። የጣሰ ይቀጣል። ይህ ሥርዓት የተናጋው የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲወጣ ነው፤ አዋጁ የዘር ባለመብትነትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ተሻረ። ያኔ ነው ጓሳው በእርግጥ የተጎዳው። ኋላ ግን የአካባቢው ሰው ዝም አላለም፤ አዲስ ደንብ አውጥቶ፣ ተደራጅቶ ዛሬም ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ሥፍራ ሆኖ ቆሟል።

ልብ በሉ። ዱሩ ዱር ሆኖ የኖረው ሕግ ስለነበረው ነው። ሕግ ባይኖረው ኖሮ እርሻ ይሆን ነበር፣ ወይ ደረቅ ኮረብታ።

እና «ዱር ሕግ የለውም» የሚለው አባባል የማን ነው? እኔ እንደማየው ከቢሮ ሆኖ ካርታ የሚያይ ሰው አባባል ነው። እዚያው ያለው ሰው ዱሩን በስም፣ በድንበር፣ በወር፣ በቅጣት ያውቀዋል።

ጸሐፊው እዚሁ ላይ ሽፍታንም አንስተዋል። ዱር የሽፍታ ስለሆነ ስሙ ጠፋ ይላሉ። ታሪኩን እናስታውስ። የቋራው ካሣ ዱር ቤቴ ያለ ሰው ነበር። 1847 ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በ1928 ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ «ዱር ቤቴ» ያሉት እነማን ነበሩ? እነ ራስ አበበ አረጋይ፣ እነ በላይ ዘለቀ ናቸው። አምስት ዓመት በዱር በገደሉ ነው የኖሩት። ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር ስለ አርበኞች ሲነገር ይህን ቃል ትሰሙታላችሁ፤ «በዱር በገደሉ» ይባላል፣ በክብር። ሽፍታ እያለ የሚጠራቸው ወራሪው ነበር። የአገሩ ሰው አርበኛ ነው ያላቸው። እንግዲህ ያው ዱር፣ ያው ሰው፣ ሁለት ስም። ቃሉ ውስጥ ነውር ቢኖር ኖሮ ጀግናን ልናወድስበት አንችልም ነበር። በቀረርቶም ዱሩ እንደ ወዳጅ ነው ስሙ የሚጠራው።

አሁን ወደ ግዕዙ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በጣም የተሳሳቱት እዚህ ነው፣ ነገሩም በጣም የሚያምረው እዚህ ነው።

ግዕዝ ለዱር በጎ ቃል የለውም ብለዋል። አለው። በየቀኑም እንጠራዋለን። «ገዳም» ነው።

ዛሬ ገዳም ስንል መነኮሳት የሚኖሩበትን እናስባለን። ጥንት ግን ገዳም ማለት ሜዳ፣ ዱር፣ በረሃ፣ ሰው ያልሰፈረበት ምድር ማለት ነበር። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ስለ መጥምቁ ዮሐንስ የተነገረውን ታውቁታላችሁ፦ «ቃለ ዐዋዲ ዘይሰብክ በገዳም»። አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያንኑ ቦታ «ምድረ በዳ» ነው የሚለው። ዮሐንስ የሰበከው መነኮሳት ቤት ውስጥ አልነበረም፤ ዱር ውስጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም የአጥቢያ መተዳደሪያ ደንቧን «ቃለ ዐዋዲ» ብላ የሰየመችው ከዚሁ ጥቅስ ነው። ጌታ 40 ቀን የጾመበትን ቦታ ሊቃውንቱ ምን ይሉታል? «ገዳመ ቆሮንቶስ»። ያኔ እኮ መነኩሴ የሚባል ገና አልነበረም። ገዳም ሲባል ዱር ማለት ስለነበረ ነው።

እንቀጥል። የዱር አራዊት በግዕዝ «አራዊተ ገዳም» ናቸው። የዱር አህያ «አድገ ገዳም» ነው። ወንጌሉ ውስጥ «የሜዳ አበቦች» የተባሉት በግዕዝ «ጽጌያተ ገዳም» ናቸው፤ ሰሎሞን በክብሩ ሁሉ እንደነርሱ አልለበሰም የተባለላቸው። ማንም ሳይዘራቸው፣ ማንም ሳያጠጣቸው ያማሩ። ይህ ለዱር በጎ ቃል ካልሆነ ምን በጎ ቃል አለ?

ታዲያ ገዳም እንዴት የመነኩሴ ቤት ሆነ? ሰዎቹ ወደ ዱር ወጡ። ዓለምን ትተው ሰው ወደሌለበት ሄዱ፣ ሰፈሩ፣ ጸለዩ፣ እነርሱ ያሉበት ቦታ በቦታው ስም ተጠራ። ደብርም እንዲሁ ነው። ደብር በግዕዝ ተራራ ነው። ደብረ ዘይት የወይራ ተራራ፣ ደብረ ሲና የሲና ተራራ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን ተራራ ላይ ስትታነጽ ደብር ተባለች። የደብር ብዙ ቁጥር ደግሞ «አድባር» ነው። ገበሬው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆሞ «አድባሯ ትጠብቀን» ሲል የሚጠራት ቃል ማለት ነው። ካህኑ «አድባራትና ገዳማት» ብሎ ሲያውጅ በጥንቱ ትርጉም ከወሰድነው «ተራሮችና ዱሮች» ማለቱ ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ብዙ ጊዜ የሰማሁትን አዋጅ እንደ አዲስ ነው የሰማሁት።

አባቶቻችን ዱርን አይፈሩም ነበር እያልኩ አይደለም። ይፈሩ ነበር። ጅብ አለ፣ ነብር አለ፣ ሌሊት አለ። ጸሐፊው ጌታ በሰይጣን የተፈተነው በበረሃ መሆኑን ማስረጃ አድርገው አምጥተዋል። እውነት ነው። ግን ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ያንኑ ታሪክ ሲነግረን አንድ ነገር ይጨምራል፤ ከአራዊት ጋር ነበረ፣ መላእክትም አገለገሉት ይላል። ሰይጣንም፣ አራዊትም፣ መላእክትም በአንድ ዱር ውስጥ። አባቶቻችን ዱርን የተረዱት እንዲህ ነው። የሚያስፈራውም የሚቀድሰውም አንድ ቦታ ነው።

ገብረ መንፈስ ቅዱስን አስቡ። አቦን ማለቴ ነው። ዝቋላ ተራራ ላይ የጸለዩት። ሥዕላቸው ያልተሳለበት ቤተ ክርስቲያን ብዙ አይገኝም። ጠጉራቸው ልብስ ሆኖላቸው፣ በግራና በቀኝ አንበሳና ነብር ቆመውላቸው ይታያሉ። 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተላቸው ነበር ይላል ትውፊቱ። አራዊቱን አላሰሩም፣ አልገደሉም፣ ቤት አላስገቡም። እርሳቸው ናቸው ወደ አራዊቱ የሄዱት። ልጅ ሆኜ ያ ሥዕል ፊት ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። ዱር የርኩሰት ቤት ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ እንዲህ ያለ ሥዕል ግድግዳው ላይ አይስልም። ዋልድባም ሌላ ምስክር ነው። እዚያ መነኮሳቱ እህል አይበሉም፣ ከሙዝ የሚሠራ ቋርፍ ነው ምግባቸው። የእርሻ እህልን ትተው ነው የሚኖሩት። ገዳም የሚለውን ቃል በጥንቱ ትርጉሙ ኖረው የሚያሳዩ እነርሱ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያን ደኖችም እንዲሁ። ደቡብ ጎንደርን ከከፍታ ቆማችሁ ብታዩት እርሻ በእርሻ ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ይታያል። እያንዳንዱ ክብ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ። ዙሪያው ሁሉ ሲመነጠር እዚያ የቀረው የተፈጥሮ ዛፍ የተረፈው ማንም ምሳር እንዳያነሳበት ስለተከለከለ ነው። ሰይጣን ቤት ነው ብለው ቢያምኑ ኖሮ የመጀመሪያው ምሳር የሚያርፈው እዚያ ነበር።

ስለ «አውሬ» የተነገረውን ቶሎ ልለፈው። ጸሐፊው አውሬ ማለት ከመጀመሪያው «ጨካኝ» ማለት ነው ይላሉ። አውሬ የግዕዙ «አርዌ» ነው፤ «ረ» እና «ወ» ቦታ ተለዋውጠው። አርዌ ማለት እንስሳ፣ የምድር ፍጥረት ማለት ነው። ብዙ ቁጥሩ አራዊት ነው። እባብም በግዕዝ «አርዌ ምድር» ይባላል፤ በአክሱም አፈ ታሪክ የነገሠው ዘንዶም ስሙ አርዌ ነው። ከዚህ የተነሳ ቃሉ ላይ ፍርሃት ቢለጠፍ አይገርምም። ጭካኔው ግን ኋላ እኛ ሰውን በአውሬ ስንሰድብ የጨመርነው ነው። ሰው ሲጨክን «አውሬ ሆነ» እንላለን። አውሬው ግን በልቶ ሲጠግብ ይተኛል።

የቀረው የመጨረሻው ሐሳብ ነው። አማርኛ ቃል ስላጠረው «ዋይልድ» እንበል የሚለው።

አላጠረውም። አንድ ቃል የለውም ቢሉ ይሻል ነበር፤ ብዙ ስላለው ነው። አማርኛ «በምን ምክንያት ነው ዱር የሆነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ነው የሚሰይመው። ስለ መኖሪያው ከሆነ «የዱር» ይላል፤ ተቃራኒው «የቤት» ነው። የዱር ድመት፣ የቤት ድመት። ስለ ጠባዩ ከሆነ «ለማዳ ያልሆነ» ይላል። ለማዳ ከመልመድ ነው የመጣው። እንስሳው ሰውን ለመደ ወይም አልለመደም ማለት ነው፤ ምርጫው ለእንስሳውም የተተወ ይመስላል። ስለ ሥልጠናው ከሆነ «ያልተገራ» ይላል። ያልተገራ ፈረስ፣ ያልተገራ በቅሎ፣ ያልተገራ ምላስም አለ። መሬት ከሆነ «ጠፍ» ወይም «ያልቀና» ይለዋል። ቡና ከሆነ «የጫካ ቡና» ነው፤ ካፋና ያዩ ላይ ማንም ሳይተክለው በደኑ ጥላ ሥር የሚበቅለው። ሁለቱም ቦታዎች በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡት ለዚህ ለምድር ሁሉ ለሚተርፍ ቡና መነሻ ስለሆኑ ጭምር ነው። «ዋይልድ» የምትለዋ አንዲት ቃል እነዚህን ሁሉ ብትተካ ፈረሱን ከመሬቱ፣ ድመቱን ከቡናው መለየት ያቅተናል።

አንድ ቃል ግን ጽሑፉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ስለ ዱር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንዴት እንደረሳት አልገባኝም። «ወፍ ዘራሽ» ናት። ማንም ሳይተክለው የበቀለውን ተክል ነው እንዲህ የምንለው። አያቴ ጓዳ ጀርባ፣ እጣቢ የሚደፋበት አንድ የዘይቱን ዛፍ ነበራት። ፍሬው ከገበያው ይጣፍጥ ነበር። ልጅ ሳለሁ «እማማ፣ ይህን ማን ተከለው?» ብዬ ጠየቅኳት። ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየችው። «ወፍ» አለችኝ፣ እና ሁለት ጣሳ ውኃ አፈሰሰችለት።